ኦሪጅናል ነው አቦ!

«ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከሰው አፍ አይጠፋም። ጎማ፣ ሽቶ፣ የስልክ ቻርጀር፣ መነጽር፣ የፍሬን ሸራ፣ ሁሉም ኦሪጅናል ነው፤ አለዚያም ኮፒ። የወደብ ከተማ ስለሆነች የነዋሪው ዓይን የተከፈተ ነው። ፔካ ዱዝ በሚባለው የከባድ መኪና ሰፈር ዓመታት የተመላለሰ ኢትዮጵያዊ ሹፌር የፍሬን ሸራ በጥፍሩ ጫር አድርጎ የት አገር እንደተሠራ ይናገራል። ይኸው ሹፌር የሥዕል ሸራ ፊት ሲቆም ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ይላል።

ዝም ያሰኘው አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የለመደው ቃልም ከድቶታል። በጫማና በጎማ ገበያ ኦሪጅናል ማለት ከሺህ ወንድሞቹ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ማለት ነው። በአንዲት ፊደል ወይም በአንዲት ስፌት ከተለየ ኮፒ ተብሎ ይወረወራል። በሥዕል ነገሩ ይገለበጣል፤ ኦሪጅናል የሚባለው ወንድም የሌለው፣ ሠዓሊው በገዛ እጁ አንድ ጊዜ የሠራው ነው። ቁርጥ እሱን የሚመስል ከጎኑ ከተገኘ ያኔ ነው መጠርጠር። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ሠዓሊው እንጨት ወይም ብረት ላይ ቀርጾ ወረቀት ላይ የሚያትመውና ግርጌው ላይ በእርሳስ 5/20 ብሎ የሚጽፍበት። ከታተሙት 20 ቅጂዎች ይህ አምስተኛው ነው ማለት እንጂ፣ ሠዓሊው ተፈትኖ ከሃያ አምስት አመጣ ማለት አይደለም።

ጀማሪ ገዥ ሥዕል ፈልጎ አይነሣም፤ የሚያስነሣው ግድግዳ ነው። ከዘመድ ጋር ተዳብሎ ሲኖር የቆየ ትራንዚተር አንድ ቀን የራሱን ቤት ይከራያል፤ ኤሲ ያስገጥማል፤ መጅሊስ ያነጥፋል፤ መጋረጃ ይሰቅላል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ባለቤቱ መሐል ቤት ቆማ «ግድግዳው እኮ ባዶ ሆነ» ትላለች። በቀድሞው ቤት ግድግዳውን ሞልተውት የኖሩት የመርከብ ወኪሎች በነፃ የሚያድሉት ካላንደር፣ ባትሪው ያለቀ ሰዓት፣ የሠርግ ፎቶ እና ስሙን ማንም የማያውቀው የስዊዘርላንድ ሐይቅ ፖስተር ነበሩ። ሐይቁ በተለይ ሐምሌ ላይ፣ ውጭው 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከኤሲው የማይተናነስ ውለታ ስለሚውል አይናቅም። ሆኖም አዲስ ቤት አዲስ ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰውየው ወደ ከተማ ይወርዳል።

ከተማ ማለት በመጀመሪያ ምኒልክ አደባባይ ነው። በወግ የሚጠራበት ስም ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችበትን ቀን የያዘው የ27 ጁን 1977 አደባባይ ነው፤ ሕዝቡ ግን ምኒልክ ማለቱን አልተወም። ቀጥሎ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ከተሠራው ከሐሙዲ መስጊድ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ሌ ኬስ የሚሉት ገበያ ነው። እዚያ የእንጨት ቀጭኔ፣ የአፋር ጩቤ፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ምንጣፍ፣ የባሕር ዛጎል እና ከኢትዮጵያ የመጣ የቆዳ ላይ ሥዕል በአንድ ጣሪያ ሥር ተፋፍገው ይኖራሉ። ከተማዋ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች የተሰበሰቡባት በመሆኗ ሻጮቹ ዋጋ የሚጠሩት ወደ አገሩ መመለሻው የደረሰ ወታደርን እያሰቡ ነው። ኢትዮጵያዊው ገዥ በአማርኛ ሰላም ሲል ዋጋው ትንሽ ይወርዳል፤ ወሬው ግን ይረዝማል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው አቦ!»

«ማን ሠራው?»

«ሠዓሊ ነዋ!»

«ስሙን ማለቴ ነው።»

«ከታች ተጽፎልሃል፣ አንብበው።»

«ከታች ያለው እኮ ላሊበላ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ላሊበላን አታውቀውም?»

ድሬዳዋ ያደገ ሻጭ በክርክር አይረታም፤ ገዥው ማመን ያለበት እጁንና ዓይኑን ነው። ይህ ደግሞ ለጅቡቲ ነዋሪ አዲስ ሙያ ሊሆን አይገባም። ከአንድ ዙርባ ጫት ላይ ቅጠሉን በጣቱ ገልጦ፣ እንጨቱን ቀንጥሶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሦስት ጊዜ ሳያገላብጥ ፍራንክ የማይከፍል ሰው፣ የአሥር ዙርባ ዋጋ የሚያወጣ ሥዕል ጀርባውን ሳያይ ያስጠቀልላል። ሥዕል ብዙ የሚናገረው በጀርባው ነው። በእጅ የተቀባ ሸራ ከኋላ ሲታይ ቀለሙ እዚህም እዚያም ሰርጎ ያለፈበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ይኖረዋል፤ በእንጨቱ ላይ የታጠፈው ጠርዝ የብሩሽ ማለፊያና የጣት አሻራ ይይዛል። በማሽን የታተመው ሸራ ግን ጀርባው እንደ ነጠላ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙም በመቀስ የተቆረጠ ነው።

ፊቱ ላይ ደግሞ የስልክ ካሜራ ይበቃል። የሥዕሉ አንድ ጥግ በካሜራው ጎላ ተደርጎ ሲታይ ጥቃቅን ነጠብጣብ በሥርዓት ተደርድሮ ከተገኘ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው። ሸራው ወደ መስኮት ዘንበል ሲል የቀለሙ ውፍረት ጥላ መጣል አለበት። ብልጥ ነጋዴ ይህንን ስለሚያውቅ በህትመቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሙጫ በብሩሽ ይቀባበታል፤ በዚህም የብሩሹ መሥመር ይገኛል፣ ነገር ግን መሥመሩ ከሥዕሉ ጋር አይስማማም። የሴትዮዋ ጀበና ወደ ግራ ዘንብሎ ብሩሹ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህንን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ አይታለልም፤ የእንግዳ ቤት ግድግዳ ሁሉ እየተጠጋ ማሽተት የሚጀምረውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላም መልስ የማይገኝለት ዓይነት አለ፤ የአገር ባህል ሥዕሉ። የዓድዋ ጦርነት ሥዕል በእጅ የተሠራ ነው፤ ከጎኑ ግን ወንድሙ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሦስት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በሁሉም ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ይጋልባል፤ ምኒልክ ከጥላው ሥር አሉ፤ ኢትዮጵያውያኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው ሲያዩ ጣሊያኖቹ ጎናቸውን ሰጥተው አንዳንድ ዓይን ብቻ ይዘዋል። ደጉን ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን መሣል ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወረደ የቆየ ሥርዓት ነው፤ በመጨረሻው እራት ላይም በጎኑ የሚሣለው ይሁዳ ነው። የንግሥተ ሳባም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ ሙሉው ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥን ይከፈላል፤ ማክዳ ከመንገድ ተነሥታ፣ ቅመም የበዛበት እራት በልታ፣ ውኃ ጠምቷት፣ ልጅ ወልዳ፣ ልጁ አድጎ ታቦቱ እስኪመጣ ድረስ። ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ አጭሩም አለ፤ እሱ ላይ እራቱ ሳይቀርብ ልጁ ተወልዶ ይገኛል።

እነዚህ ሥዕሎች ኦሪጅናል ናቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ፣ የእጅ ሥራ ናቸው፣ ብቸኛ ግን አይደሉም የሚል ነው። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በሚተላለፍ ሞያ መደጋገም ነውር አይደለም፤ ድርሳንም የሚገለበጠው እንደዚሁ ነበር። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ነው። አምስት ዓድዋዎች ጎን ለጎን ሲዘረጉ በአንዱ ላይ የፈረሶቹ እግር ቁጥር ልክ ይመጣል፤ ጣቶች አምስት አምስት ይሆናሉ፤ ከኋላ ረድፍ ያለው ወታደር እንኳ የራሱ ፊት ይኖረዋል። በሌላው ላይ ከፊተኛው ረድፍ በስተጀርባ ያለው ሠራዊት ሁሉ አንድ ሰው ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ሰው ሠዓሊ ነው፤ ሁለተኛውን የሠራው ቸኩሏል። የፈረስ እግር የሚቆጥር ገዥ ሻጩን ቢያስቅም ተሸንፎ አይመለስም።

ከሁሉም መራቅ የሚገባው «የ300 ዓመት ብራና» ወይም «ከገዳም የወጣ» ከሚባለው ነው። ብራናን በጭስ አጥኖ በሻይ ነክሮ በአንድ ሳምንት ማስረጀት የታወቀ ሙያ ነው። ነገሩን መመዘን ደግሞ ባለሙያ አይፈልግም። ሻጩ ዋሽቶ ከሆነ ገዥው ለሻይ ቅጠል ብዙ ሺህ ፍራንክ ከፍሏል። ሻጩ እውነቱን ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል። ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ያደርሳል፤ አለመግዛት።

ዋጋ ላይ ጅቡቲ አንድ ምቾት አላት። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 177.721 ሆኖ ተቸንክሯል፤ ስለዚህ ሻጭም ሆነ ገዥ በምንዛሬ ማሳበብ አይችልም። መቶ ዶላር 17,772 ፍራንክ ነው፤ በሻጭ አፍ ግን 20 ሺህ ይሆናል። የሥዕል ዋጋ እንደ ስኳር በኪሎ የማይለካ ስለሆነ ጀማሪው የሚጠይቃቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ ሠዓሊው ማነው፣ የት ተማረ፣ ከዚህ በፊት በምን ያህል ሸጧል፣ ስንት ቀን ፈጀበት። መልስ ከሌለ የሚከፈለው የጌጥ ዋጋ ነው፤ ለጌጥ ደግሞ የጌጥ ያህል መክፈል ተገቢ ነው።

አማካሪ መፈለግ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጅቡቲዎች ማብራዝ የሚሉት የጫት መቃሚያ ክፍል ውስጥ ሥዕሉን በስልክ ፎቶ ማዞር የተለመደ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ይመረቅናል፤ ሁሉም የሥነ ጥበብ ሐያሲ ይሆናል። አንዱ ቀዩ ቀለም የሕዝቡ ትግል ነው ይላል፤ ሌላው ሥዕሉ በዓመቱ እጥፍ ያወጣል ብሎ ይምላል። ማስረጃም ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው የሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕል በኅዳር 2023 ኒው ዮርክ ላይ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህ እውነት ነው፤ ከሌ ኬስ የተገዛውን ሸራ ግን አይመለከተውም። በምርቃና የተወሰነ ግዢ እስከ ነገ ጠዋት ቢያድር የሚጎዳው ሰው የለም።

ሥዕል ለትርፍ ይገዛል ወይስ ለፍቅር የሚለውን ለመገንዘብ ከዚሁ ከተማ ታሪክ አንድ ቤተሰብ ይጠቅማል። ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ የፖል ጎጋን ወዳጅ ነበር። ጎጋን ከሩቅ ደሴት እየጠቀለለ የሚልካቸው ሸራዎች የሚደርሱት እሱ ዘንድ ነው፤ ገዥ የሚፈልግላቸውም እሱ ነው። ጎጋን እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሞት ድኻ ነበር፤ ዛሬ ሥዕሎቹ የታላላቅ ሙዚየሞች ኩራት ናቸው። የጆርጅ ዳንኤል ልጅ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1911 ጅቡቲ መጥቶ ቡና፣ ቆዳ፣ ዕንቁ፣ ጠመንጃና ሐሺሽ ነገደ። በየጊዜው ከጉምሩክ ጋር ተያያዘ፤ ታሰረ፤ መጽሐፍም ጻፈ። በሥዕል ቤት አድጎ፣ ራሱም የውኃ ቀለም እየሣለ፣ ከነገደው ሁሉ መካከል ሥዕል አለመኖሩ ሰውየው ገበያ ያውቅ እንደነበር ያሳያል። አባትየው ደግሞ ሸራዎቹን ያቆያቸው አንድ ቀን ይወደዳሉ ብሎ አስልቶ ሳይሆን ሥዕሉንም ሰውየውንም ስለወደደ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው የአባትየው መንገድ ነው፤ በልጁ መንገድ የሄደ መርከብ ያስፈልገዋል።

ከጌጥ አልፎ የሠዓሊ ሥራ የሚፈልግ ሰው ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይ የባህል ማዕከል የሚዘጋጁ አውደ ርዕዮችን ማየት ይችላል። ሰፊው ገበያ ግን አዲስ አበባ ነው። በ1950 ዓ.ም. ከተመሠረተውና ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ከሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚመረቁ ወጣቶች ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ ጀማሪ ገዥና ጀማሪ ሠዓሊ በኪስ የሚመጣጠኑትም እዚያ ነው። ከሠዓሊው እጅ ሲገዛ የሥራው ርእስ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ መጠኑና የቀለሙ ዓይነት ተጽፎ፣ ሠዓሊው ፈርሞ ይሰጣል። አንድ ነገር ግን አብሮ አይሸጥም፤ ሥዕሉን የገዛ ሰው የማባዛት መብቱን አልገዛም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያ መብት የሠዓሊው ነው። በሚቀጥለው ዓመት የድርጅቱ ካላንደር ላይ ሊያወጣው ያሰበ ሰው አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥዕሉ በዚህ መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ይወርዳል። ሸራ ሲጠቀለል ቀለም ያለበት ፊት ወደ ውጭ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይጨማደድና ይሰነጠቃል። አክሪሊክ ቀለም በሙቀት ስለሚለሰልስ ፌስታል ፊቱ ላይ ከተለበጠ የፌስታሉ ጽሑፍ ሥዕሉ ላይ ታትሞ ሊደርስ ይችላል። ወፈር ያለ ወረቀትና የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ቱቦ በትከሻው ያነገበ መንገደኛ ኬላ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ ሥራው አዲስ እንደሆነና ቅርስ እንዳልሆነ የሚገልጽ ወረቀት ከያዘ ግን ክርክሩ ያጥራል።

የጅቡቲ አየር ለሥዕል ደግ አይደለም። የባሕሩ ጨውና ወበቅ በአንድ በኩል፣ በሙቀቱ ወራት የሚነሣው አቧራ የተሸከመ ሞቃት ነፋስ በሌላ በኩል ይመጡበታል። ከሁሉ የሚሠቃየው የቆዳ ሥዕል ነው። ኤሲው ሲሠራ አየሩ ስለሚደርቅ ቆዳው እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ መብራት ሲጠፋ ወበቁ ገብቶ ይረግባል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በቀን ሁለት ጊዜ ይወፍራል፣ ሁለት ጊዜ ይከሳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለምትወስድ፣ ሥዕሉን የሚያወፍረውም የሚያከሳውም ከአገሩ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥዕል ኤሲ በቀጥታ የሚተነፍስበት ቦታ አይሰቀልም፤ የኤሲው ውኃ ሊንጠባጠብበት ከሚችል ቦታም ይርቃል፤ ከመስኮት ትይዩ ደግሞ ፀሐይ ቀለሙን በጥቂት ዓመት ትልሰዋለች። ከግድግዳው ጋር ሙሉ በሙሉ እንዳይጣበቅ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን ትንንሽ ቡሽ ቢደረግ አየር ያልፍበታል፤ ሻጋታ አይዝም።

ከፍታው ላይ መጻሕፍት የሚሰጡት ልክ፣ የሥዕሉ መሐል ከወለል 1.50 ሜትር ያህል እንዲሆን ነው። ያ ልክ ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። መጅሊስ ላይ ተጋድሞ የሚኖር ቤተሰብ በዚያ ከፍታ ቢሰቅለው የሚያየው የፍሬሙን ሥር ነው፤ ስለዚህ በጅቡቲ ቤት ሥዕል አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ይላል። ሳሎኑ ውስጥ ጎረቤት የሚሰግድ ከሆነ ሰው የተሣለበት ሥዕል በቂብላው አቅጣጫ አይደረግም፤ ለሙስሊም ወዳጅ ስጦታ የሚገዛ ሰውም ከሰው ምስል ይልቅ የመልክዓ ምድር ሥዕል ወይም የጽሕፈት ጥበብ ቢመርጥ አይሳሳትም። ለሚስማር ደግሞ የአከራይ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጅቡቲ ብሎኬት በመዶሻ ስለማይበገር ድሪል ይከራዩለታል። የድሪሉ ኪራይ ከሥዕሉ ዋጋ የሚበልጥበት ቤት ካለ የተገዛው ህትመት ነው።

ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ እንግዳ ይመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ በየትም ቤት አንድ ነው፤ «ስንት ገዛኸው?» ሁለተኛው ጥያቄ እንደ ሥዕሉ ዓይነት ይለያያል። ዓድዋ ከሆነ እንግዳው ራሱ ታሪኩን ያብራራል። ቅርጽ የሌለው ዘመናዊ ሥራ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ አንገቱን ዘንበል ያደርግና «ልጆቹ ናቸው የሠሩት?» ይላል። ባለቤቱ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ዝም ከተባለ እንግዳው ደጋግሞ ወደ ግድግዳው ማየቱ አይቀርም፤ በሦስተኛው ስኒ ላይ «ይሄ ሰማያዊው ባሕሩ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ሥዕሉ ሥራ ጀምሯል።

ለመግዛት የሚመረጠው ጊዜ ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሻጩም ሳይሰለች። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። በሌሎቹ ቀናት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሱቁ ተዘግቷል፤ እስከ አሥር ሰዓት ግድም ሻጭም ገዥም አይገኝም።